ላይ 31፣ ታች 24፦ በፎገራ ሜዳ የአንድ ሩዝ ማሳ ውሃ ማጠንፈፍ

መነሻ

ባለፉት ሁለት ክረምቶች በፎገራ ሜዳ፣ ከወረታ ከተማ ብዙም በማይርቅ አንድ ቀበሌ፣ ውሃ ከሩዝ ማሳ እንዴት እንደሚወርድ ስለካና ሳሰላ ቆይቻለሁ። ቦታው ትንሽ ነው። 24 ሄክታር መሬት፣ አንድ ቦይ፣ ከመንገድ ሥር የተቀበረ አንድ ቱቦ፤ በቃ። ሙያዬ የውሃ ምህንድስና ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ የሚሠራ ስሌት በሁለት ሳምንት ያልቃል ብዬ ነበር የገባሁት። ሁለት ክረምት ፈጀብኝ።

የቀበሌውንም የሰዎቹንም ስም ትቻለሁ። በመሀላቸው የነበረው ጸብ ገና በደንብ አልበረደም። የተሳሳትኩባቸውን ቦታዎች ግን አልተውኩም። ለሌላ ሰው ይበልጥ የሚጠቅሙት እነሱ ይመስሉኛል።

ቦታው

ፎገራ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ የተዘረጋ ሜዳ ነው። ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ በኩል ወርደው ሜዳውን አቋርጠው ጣና ይገባሉ። የሐይቁ የውሃ ፊት ከባሕር ጠለል በላይ 1,786 ሜትር አካባቢ ነው። ሜዳው ከዚያ እምብዛም አይበልጥም። ወደ ሐይቁ የሚያዘነብልበት መጠን ለዓይን አይታይም። ዝናቡ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል። ያ ሁሉ ውሃ ቀስ ብሎ፣ ብዙ ቦታ እየተኛ ነው የሚሄደው።

አፈሩ ጥቁር ነው። በበጋ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል። ክረምት ሲገባ ያብጥና ስንጥቁ ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ ውሃ ወደ ታች አያሳልፍም ማለት ይቻላል። ይህን ባሕርይ እዚህ ላይ ያዙልኝ፤ ኋላ ላይ ይመጣል።

ድሮ ይህ ሜዳ በክረምት ለከብት ግጦሽ እንጂ ለእህል የሚፈለግ አልነበረም። የፎገራ ከብት ዝርያም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። ሩዝ የተስፋፋው በ1970ዎቹ ነው፤ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በጅግና እና በሻጋ የገበሬ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ካስተዋወቁት ወዲህ። ብዙ ገበሬ ዛሬም የሚዘራው «ኤክስ ጅግና» የሚባለው ዝርያ የዚያን ጊዜ መታሰቢያ ይዟል። የሚተኛው ውሃ ለጤፍ ጠላት ነበር። ለሩዝ ሀብት ሆነ። ሰዉ ሩዙን «ነጭ ወርቅ» ሲለው ትሰማላችሁ።

ሀብት የሆነው ውሃ ግን ልክ አለው። በ1998 ክረምት መጨረሻ በፎገራና በደንቢያ የደረሰውን ጎርፍ የማያስታውስ የለም። እንዲህ ያለው ትልቅ ጎርፍ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም። እኔ የማወራው በየዓመቱ ስለሚመጣው፣ ዜና ስለማይሆነው ውሃ ነው። ሦስት አራት ቀን ይተኛና የአንዱን ገበሬ ቡቃያ አበስብሶ የጎረቤቱን ሳይነካ ስለሚሄደው።

ጸቡ

24 ሄክታሩ 48 ማሳ አለው። አንዱ ማሳ በአማካይ ሁለት ጥማድ ነው፤ ግማሽ ሄክታር ማለት ነው። በየማሳው ዙሪያ ውሃ የሚይዝ ትንሽ የአፈር ክትር አለ። ቁመቱ ከአንድ ስንዝር ብዙ አይበልጥም። ውሃው ከላይኛው ማሳ ወደ ታችኛው፣ ከዚያ ወደ ቦዩ ይወርዳል። ቦዩ ወደ አንድ የገጠር መንገድ ይደርሳል። ከመንገዱ ሥር 60 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የሲሚንቶ ቱቦ አለ። ከቱቦው ወዲያ ውሃው በሌላ ቦይ ወደ ወንዙ ይሄዳል።

ኃይለኛ ዝናብ ሲጥል የላይኞቹ ክትራቸው እንዳይናድ ይሰጋሉ። ስለዚህ በዶማ አንድ ሜትር ያህል ቆርጠው ውሃውን ይለቁታል። ብዙ ጊዜ በሌሊት። የታችኞቹ ጠዋት ሲመጡ ማሳቸው ሐይቅ ሆኖ ያገኙታል። አንዳንዱ ተመልሶ የላይኛውን ክትር ደፍኖ ይሄዳል። በዚያ ምክንያት ሁለት ጎረቤታሞች ተደባድበው ጉዳዩ በሽማግሌ ተይዟል።

ሽማግሌዎቹ የያዙት መፍትሔ ግልጽ ነበር፦ ቦዩ ይስፋ፣ ይጥለቅ። ለእስካቫተር ኪራይ ገንዘብ ለማዋጣት ሁሉ ተስማምተው ነበር። የቀበሌው የግብርና ባለሙያ ጓደኛዬ ነው። ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት እንዳየው የጠራኝ እሱ ነው። ያቺ የስልክ ጥሪ ባትኖር ኖሮ ቦዩ ተቆፍሮ ነበር።

የመጀመሪያው ሞዴል

ሞዴል ስንል ለገበሬዎቹ ያስረዳነው በገንዳ ነው። እያንዳንዱ ማሳ አንድ ገንዳ ነው። ዝናብ ይገባበታል፣ ከጎረቤት ገንዳ ይፈስበታል። በትነት፣ በስርገትና በቀዳዳው ይወጣበታል። የገባው ከወጣው ከበለጠ ውሃው ከፍ ይላል። ይህንኑ ለ48 ገንዳ፣ በየሰዓቱ፣ በኤክሴል መቁጠር ነው። የተራቀቀ ሶፍትዌር አልተጠቀምኩም። ለዚህ ሥራ ቢኖረኝም የምመርጥ አይመስለኝም፤ ስህተቴ የት እንዳለ ጣቴን አስቀምጬ ማየት እፈልግ ነበር።

መሠረታዊው ቁጥር ቀላል ነው። በአንድ ሄክታር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት 10 ሜትር ኩብ ውሃ ነው። 60 ሚሊ ሜትር የሚጥል አንድ ኃይለኛ ዝናብ በ24 ሄክታር ላይ 14,400 ሜትር ኩብ ያወርዳል። በጥማድ ሲሆን 150 ሺህ ሊትር። ይህን ቁጥር ስነግራቸው አንድ አዛውንት በትራቸውን መሬት ላይ ተክለው፣ «በአንዲት ጥማድ?» ብለው ደግመው አስቆጠሩኝ።

ከዚያ ቱቦውን አሰላሁ። ከቱቦ የሚወጣው ውሃ የሚወሰነው በሁለት ነገር ነው፤ በአፉ ስፋትና ከላይና ከታች ባለው የውሃ ከፍታ ልዩነት። ልዩነቱ 30 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ያ ቱቦ በሰከንድ 410 ሊትር ገደማ ያሳልፋል። 14,400 ሜትር ኩቡ በ10 ሰዓት ውስጥ ያልቃል ማለት ነው። 10 ሰዓት ውሃ ውስጥ ቢቆም ሩዝ ምንም አይሆንም።

ቀጥሎ የተቆረጠውን ክትር አሰላሁ። አንድ ሜትር ስፋት ያለው ቁራጭ፣ 15 ሴንቲ ሜትር ውሃ ሲያልፍበት፣ በሰከንድ 100 ሊትር ገደማ ይለቃል። አምስት ሰው በአንድ ሌሊት ከቆረጠ 500 ሊትር ሆነ። ቱቦው ከሚያሳልፈው በለጠ። ትርፉ የሚቆመው የት ነው? ከቱቦው በላይ ባሉት የታችኞቹ ማሳዎች ላይ።

የእስካቫተሩ ነገር እዚህ ላይ አለቀ። ቦዩ ቢሰፋ ውሃውን ወደ ታችኞቹ የበለጠ አፍጥኖ ያደርሰዋል። ቱቦው ግን ያው ቱቦ ነው። ይህን በሁለት ጀሪካንና በአንድ ቀጭን ማንቆርቆሪያ አሳየናቸው። ገንዘቡ በሳጥኑ ቀረ። እውነቱን ለመናገር በዚያ ቀን በጣም ደስ ብሎኝ ነበር የተመለስኩት።

ሞዴሉ የተሳሳተበት ሳምንት

በዚያው ክረምት ነሐሴ ላይ አንድ ሌሊት ከባድ ዝናብ ጣለ። ቀጥ ያለ ግድግዳ ባለው ጣሳ በሠራነው መለኪያ 58 ሚሊ ሜትር ሆነ። ሞዴሌ 10 ሰዓት አለ። ውሃው ሦስት ቀን ተኛ።

በማግሥቱ ጓደኛዬ ደውሎ፣ «ኧረ ና፣ ውሃህ አልሄደም» አለኝ። ስደርስ የታችኞቹ ማሳዎች ላይ የሩዙ ጫፍ ብቻ ይታያል። ከእናቶች አንዷ ምንም ሳይሉኝ አዩኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሁለት ነገር አልገባኝም ነበር።

አንደኛው ደለል ነው። የቱቦው አፍ ከውጭ ሲታይ ክፍት ነው። ውስጡ ግን ግማሽ ድረስ በደለል ተሞልቷል። 60 ሴንቲ ሜትር ብዬ ያሰላሁት ቱቦ በእውነት ግማሽ ቱቦ ነበር። እጄን አስገብቼ አለማየቴ ዛሬም ያንገበግበኛል። በበጋ ነበር የለካሁት፤ ደረቅ ነበር፣ ቀላል ነበር።

ሁለተኛው ትልቁ ነው። ከመንገዱ ወዲያ ማዶ ተሻግሬ ሳይ በታች ያለው ውሃ ከላይ ካለው እኩል ሊሆን ምንም አልቀረውም። ወንዙ ሞልቶ ወደ ኋላ ገፍቶ ነበር። የ30 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ያልኩት ነገር የለም። ልዩነቱ 5 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ሙሉ ክፍት ቱቦ እንኳ በሰከንድ 170 ሊትር ብቻ ነው የሚያሳልፈው። ያ 10 ሰዓት 24 ሰዓት ይሆናል። ደለሉ ሲጨመርበት 48። ልዩነቱ ዜሮ ሲሆን ውሃው አይንቀሳቀስም። ታች ያለው ከበለጠ ደግሞ በቱቦው ተመልሶ ይገባል። በሁለተኛው ቀን ማታ የሆነውም ይኸው ነው፤ የወንዙ ውሃ በመንገዱ ሥር አልፎ ወደ ሩዙ ሲመጣ በባትሪ አየነው።

ስሌቴን ከላይ፣ ከዝናቡ ነበር የጀመርኩት። ከቱቦው ወዲያ ያለውን «ውሃው ይሄዳል» ብዬ በአንድ መስመር አልፌዋለሁ። ጉዳዩ በሙሉ ያለው በዚያ መስመር ውስጥ ነበር።

እንደገና መለካት

ችካል ቆረጥን። ስድስት ነበሩ፤ በቀይና ነጭ ቀለም በየሴንቲ ሜትሩ ተሰመሩ። አራቱ በማሳዎች ውስጥ፣ አንዱ ከቱቦው በላይ፣ አንዱ ከቱቦው በታች። ቁጥራቸው ከአንድ መነሻ እንዲሆን ግንበኞች ልክ በሚያወጡበት፣ ውሃ በሞላ ግልጽ ፕላስቲክ ቱቦ አስተካከልናቸው።

የመሬቱን ከፍታ ለማወቅ መጀመሪያ የሳተላይት ካርታ ሞክሬ ነበር። በነጻ የሚገኘው ካርታ የከፍታ ስህተቱ በሜትር ነው የሚቆጠረው። እዚህ ደግሞ ከማሳ ማሳ ያለው ልዩነት አንድ ስንዝር ነው። ለፎገራ ሜዳ ምንም አልጠቀመኝም። የጠቀመን ራሱ ጎርፉ ነው። የተኛ ውሃ ፊቱ እኩል ነው። ነፋስ በሌለበት ጠዋት ሁለት ልጆች ጉልበታቸው ድረስ እየገቡ በእያንዳንዱ ማሳ አምስት አምስት ቦታ ጥልቀቱን ለኩ። ጥልቅ የሆነው ዝቅተኛ ነው፣ ያልጠለቀው ከፍተኛ ነው። በአንድ ጠዋት የ24 ሄክታር ከፍታ ካርታ ተገኘ። የከተማ ቀያሽ አምጥተን ቢሆን ከዚህ የተሻለ የምናገኝ አይመስለኝም።

ስርገቱንም ለካን። ዝናብ ሦስት ቀን ሲያቋርጥ፣ ቀዳዳው በተደፈነ ማሳ ውስጥ ውሃው 1.5 ሴንቲ ሜትር ወረደ። በቀን 5 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ከዚህ 4 ያህሉ ትነትና ሩዙ የሚጠጣው ነው። ወደ መሬት የሚሰርገው 1 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ያበጠው ጥቁር አፈር ውሃውን አይውጥም። በሰኔ መጀመሪያ ግን ስንጥቁ ገና ስላልተዘጋ የመጀመሪያዎቹን ዝናቦች ሙሉ በሙሉ ይውጣቸዋል። ስለዚህ በሞዴሉ ውስጥ አፈሩ አንድ ቁጥር ሳይሆን ሁለት ቁጥር ተሰጠው፤ ከስንጥቁ መዘጋት በፊት አንድ፣ በኋላ አንድ። መዘጋቱን የሚነግሩን ገበሬዎቹ ናቸው። እነሱ በእግራቸው ያውቁታል።

ያደረግነው

የመጀመሪያው ሥራ ቱቦውን መጥረግ ነበር። በግንቦት፣ ሁሉም ተጠርቶ፣ በወንፈል በአንድ ቀን ተጠረገ። ከሁሉም ሥራ ርካሹ ነው፤ ብዙ የጠቀመውም እሱ ነው።

ሁለተኛው የማሳ ቀዳዳ ነው። ሐሳቡን ያገኘሁት ከጃፓን ነው። በኒጋታ ግዛት፣ ካሚሃያሺ በሚባል አካባቢ፣ ገበሬዎች ከ2002 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጀምሮ በሩዝ ማሳቸው መውጫ ላይ ጠበብ ያለ ቀዳዳ ያለው መክደኛ ያደርጋሉ። ዝናቡ ማሳው ላይ ትንሽ ይቆይና ቀስ እያለ ይወርዳል። «የማሳ ግድብ» ይሉታል። እኛ በሱቅ የሚገኘውን ባለ 110 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ ቱቦ ቆርጠን በየክትሩ ውስጥ ቀበርን። ውሃው ከቱቦው መሀል በ15 ሴንቲ ሜትር ሲበልጥ አንዱ ቱቦ በሰከንድ 8 ሊትር ያወጣል። 48ቱ በአንድ ጊዜ ቢከፈቱ 385 ሊትር ገደማ ነው። የተጠረገው የመንገድ ቱቦ በደህናው ቀን ይችለዋል። አንድ የተቆረጠ ክትር የሚለቀው የ12 ቱቦ ያህል ነው። ይህን ንጽጽር ሁሉም ሸምድዶታል፤ አሁን «አስራ ሁለቱን ለቀቅከው?» ማለት እዚያ ቀበሌ ክትር ቆረጥክ ማለት ሆኗል።

የላይኞቹን ማሳመን ቀላል አልነበረም። ኒጋታም ያለው ችግር ይኸው ነው፤ ውሃውን የሚይዘው የላይኛው፣ የሚጠቀመው የታችኛው። አንድ የላይኛው ገበሬ ፊት ለፊት ጠየቀኝ፦ «ለሱ ሩዝ ብዬ ለምን የእኔ ክትር ይናድ?» ጥያቄው ትክክል ነው። ሁለት ነገር አግባባቸው። የመጀመሪያው፣ ክትር የሚናደው ውሃ በላዩ ሲያልፍ ነው፤ ቱቦው ቀድሞ ስለሚያስተነፍሰው ይናዳል የሚለው ስጋት ይቀንሳል። ሁለተኛው ዩሪያ ነው። ዩሪያ በተበተነ ማግሥት ክትር የቆረጠ ሰው ማዳበሪያውን ለጎረቤቱ ሰጠው ማለት ነው። ይህ ከስሌቴ ሁሉ የበለጠ ሠራ። የታችኞቹ በበኩላቸው የቱቦውን ዋጋ ግማሽ ከፈሉ፤ የላይኞቹን ክትር ከፍ ለማድረግም ሁለት ቀን ጉልበት ሰጡ። ይህን ያስማሙት ሽማግሌዎቹ ናቸው። እኔ እዚያ የነበረኝ ድርሻ ቁጥር መስጠት ብቻ ነው።

ሦስተኛው በመንገዱ ቱቦ አፍ ላይ የሚገባ የሳንቃ መክደኛ ነው። ደንቡ አጭር ነው። የታችኛው ችካል ከላይኛው ከበለጠ ይዘጋል። ካልበለጠ ይከፈታል። አንድ ወጣት ኃላፊነቱን ወሰደ። ቤቱ ለመንገዱ ቅርብ ነው፣ ስልክም አለው።

የጓያው ጥያቄ

ሁለተኛው ክረምት ሊያልቅ ሲል ደህና እየሄድን ነበር። መስከረም ላይ ስብሰባ ተደረገ። ሩዙ እየበሰለ ስለሆነ ቱቦዎቹን ዝቅ አድርገን ማሳውን ቶሎ እናድርቅ አልኩ። ለአጨዳ ይመቻል፣ እህሉም እኩል ይበስላል። ሞዴሉ በስንት ቀን እንደሚደርቅ ሁሉ አሳየሁ።

ያን ነሐሴ ዝም ብለው ያዩኝ እናት ከኋላ ተነሡ።

«ልጄ፣ ይሄን ሁሉ ካደረቅኸው ጓያዬ ምን ይጠጣል?»

ዝም አልኩ። እዚያ አካባቢ ብዙ ሰው ሩዙ ሊታጨድ ሲል ወይም እንደታጨደ ጓያ ወይም ሽምብራ ይዘራል። ዝናብ የለም፤ የሚበቅለው አፈሩ በያዘው እርጥበት ነው። ይህን አውቅ ነበር። በሞዴሉ ውስጥ ግን አልነበረም። የእኔ ሞዴል «ውሃ ቶሎ ወጣ» ካለ ጥሩ፣ «ቆየ» ካለ መጥፎ ብሎ ነው የሚቆጥረው።

«እርስዎ መቼ ነው ውሃው እንዲያልቅ የሚፈልጉት?» አልኳቸው።

«እንዲያልቅ አልፈልግም። ከላይ ይሂድ፣ ከሥር ይቅር።»

ከዚያ ቀን በኋላ ስሌቱ ሁለት ዓላማ አለው። እስከ መስከረም አጋማሽ ድረስ ቡቃያውን የሚያሰጥም ውሃ በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ይውረድ። ከዚያ በኋላ የላዩ ውሃ ቀስ ብሎ ይሂድ፣ ቱቦው ግን ከመሬቱ ወለል በታች አይውረድ። የቱቦው ከፍታ በሁለት ጣት መነሣት ወይም መውረድ የጓያውን ነገር እንደሚወስነው ያየሁት ያኔ ነው። ሽንኩርት በፓምፕ የሚያጠጡት ሦስት ሰዎች ግን ቶሎ እንዲደርቅላቸው ስለሚፈልጉ ለብቻቸው ተውናቸው። ማሳቸው ዳር ላይ ስለሆነ ሌላውን አይነካም።

የሠራውና ያልሠራው

በሁለተኛው ክረምት ክትር በሌሊት የተቆረጠው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የቆረጠው ሰው ጠዋት ራሱ መጥቶ ተናገረ። ውሃው ከሦስት ቀን በላይ የተኛበት ጊዜ አልነበረም፤ ከሁለት ቀን ያለፈበት ግን ነበር። ምርቱ በዚህ ያህል ጨመረ ብዬ አልጽፍም። ዝናቡም ከአምናው የተለየ ነበር፣ አንዳንዱም ዘር ቀይሯል። የእኛን ድርሻ ለይቶ ማውጣት አይቻልም።

ቱቦዎቹ ይደፈናሉ። የታረመው አረምና ያለፈው ዓመት ገለባ ከአፋቸው ይሰካል። መጀመሪያ የሽቦ ወንፊት አደረግን፤ ወንፊቱ ራሱ ገለባ ሰብስቦ የባሰ ደፈነው። አውልቀን ጣልነው። አሁን ከዝናብ በኋላ እያንዳንዱ የራሱን በእጁ ይጠርጋል። የማይጠርግ ሰው ሲኖር የሱ ክትር ነው ቀድሞ የሚናደው፤ ስለዚህ ብዙ ጉትጎታ አላስፈለገም።

የሳንቃው መክደኛ አንድ ሌሊት ተዘግቶ አድሮ ረፋዱ ድረስ ሳይከፈት ቀረ። ወጣቱ ለቅሶ ሄዶ ነበር። ወንዙ ሌሊቱን ጎድሎ ኖሮ ግማሽ ቀን ሙሉ ውሃው በከንቱ ታግቶ ዋለ። ከዚያ ወዲህ ቁልፉ በሁለት ሰው እጅ ነው።

አንድ ጊዜ ደግሞ ከላይ የሚመጣውን ጎርፍ ወደ ጎን የሚያዞረው ቦይ ሞልቶ ፈሰሰ። ያ ውሃ በሞዴሌ ውስጥ የለም። በዚያ ቀን ሞዴሉ ያለው ምንም ነገር ልክ አልነበረም።

ጣና ሲሞላ ደግሞ ሌላ ነው። ሐይቁ ከፍተኛ የሚሆነው ክረምቱ ሲያልቅ፣ ከመስከረም ወዲህ ነው። ያኔ ዝናቡ ቀንሶ እንኳ የታችኛው ውሃ አይጎድልም። ለዚህ በመንደር ደረጃ የሚሠራ ነገር የለንም። ሁለተኛ የመንገድ ቱቦ እንዲጨመር ለሚመለከተው ክፍል ማመልከቻ ገብቷል፤ ችካሎቹ ላይ የተመዘገበው ቁጥር አብሮ ተያይዟል። መልስ አልመጣም።

ሌላ ቦታ ለሚሞክር

ደንቢያም ሆነ ሌላ ሩዝ የሚዘራ ሜዳ ላይ ይህን የሚሞክር ሰው ካለ፣ ከሁሉ በፊት ወደ ታች ይሂድ። የመጨረሻው መውጫ ላይ፣ ከላይና ከታች፣ ሁለት ችካል ይትከል። አንድ ክረምት ሙሉ ያንብባቸው። ሌላ ምንም ሳይሠራ እንኳ ይህን ቢያደርግ የጉዳዩን ግማሽ ያውቀዋል። ቱቦ ካለ እጁን ያስገባ።

ቦይ ለመቆፈር ከመወሰኑ በፊት የቦዩን ሳይሆን የጠባቡን ቦታ አቅም ያስላ። ስሌቱ ከባድ አይደለም፤ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሊሠራው ይችላል። የከፍታው ልዩነት ሲቀንስ ፍሰቱ በዚያው ልክ እንደማይቀንስ ግን ይወቅ። ልዩነቱ ወደ አንድ ስድስተኛ ሲወርድ፣ ከ30 ወደ 5 ሴንቲ ሜትር፣ ፍሰቱ ወደ አርባ በመቶ ገደማ ነው የወረደው። ስለዚህ የቀረችው ትንሽ ልዩነት ዋጋ አላት። ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ብሎ መናቅ አይገባም።

የአፈሩን ቁጥር ከመጽሐፍ አይውሰድ። ጥቁር አፈር በሰኔና በነሐሴ ሁለት የተለያየ አፈር ነው።

ውሃው መቼ እንዲወጣና መቼ እንዲቆይ እንደሚፈለግ ደግሞ ኤክሴል ከመከፈቱ በፊት ይጠይቅ። ከሩዙ በኋላ የሚዘራው ምንድን ነው? ማን ነው የሚዘራው? በእኛ ቀበሌ በስብሰባ የሚናገሩት በብዛት ወንዶች ናቸው። ጓያውን አንሥተው የጠየቁት ግን ከኋላ የተቀመጡ እናት ናቸው፤ ያውም በሁለተኛው ዓመት። ቀድሜ ቤታቸው ሄጄ ብጠይቃቸው ኖሮ አንድ ዓመት ይተርፈኝ ነበር።

አሁን ያለበት

ችካሎቹ አሁንም ቆመዋል። አንዱን ከብት ሰብሮት በሌላ ተተክቷል። ወጣቱ ከዝናብ በኋላ ያነበበውን በስልክ ይልክልኛል። እኔ አዲስ አበባ ሆኜ ወደ ኤክሴሉ አስገባዋለሁ፤ ሞዴሉ ካለው ጋር አስተያያለሁ፤ ሲለያይ እደውላለሁ። ሰሞኑን የላከው እንዲህ ይላል፦

«ላይ 31፣ ታች 24። ክፍት ነው። እየወረደ ነው።»